ያላስነጠሰው ጉድጓድ

ሙጫው ሲስቅ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻው ነው። ከዚያ ሆዱ ይከተላል፤ ድምፁ ከሁሉም ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ታዲያ ትከሻውን ሲያዩ ነገሩን ሳይሰሙ ቀድመውት ይስቃሉ።

መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። ሙጫ ጣቶቹ ላይ እየደረቀ እየደረቀ ሁለተኛ ቆዳ ሆኖለታል። ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ብርጭቆው እምቢ ይላል ብለው ያሙታል። በዚያ ላይ ወሬ ከያዘ አይለቅም፤ የያዘውን ሰውም አይለቅም።

የሚሠራው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ግድግዳ የምታይ መስኮት አለች፣ አንድ የወረቀት መቁረጫ ማሽን አለ። ማሽኑ ሲቆርጥ "ገጭ!" ይልና ሲነሳ "እፎይ" ይላል፣ ልክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ወፍራም ሰው። ሙጫው ማሽኑን አስመስሎ ያሰማል። አለቃውንም ያስመስላል፤ አለቃቸው ቃል በቃል እየቆረሰ ነው የሚያወራው።

"ይኼ። ሥራ። ዛሬ። ይወጣል። ወይስ። አይወጣም?" ይላል ሙጫው፣ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ።

አንድ ቀን ይህን ሲል አለቃው ከኋላው ቆሞ ነበር። "ይወጣል። እንጂ። ለምን። አይወጣም?" አለና ሄደ። መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ቆራጩ በሳቅ ወረቀት ላይ ተደፋ።

ሥራው እንዲህ ነው። ትልቅ ወረቀት በሁለት በኩል ይታተምና ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል፤ አንድ ቀጭን ጥቅል ይሆናል። እነሱ "እጥፍ" ይሉታል። መጽሐፍ ማለት እንግዲህ እጥፍ በእጥፍ ላይ ነው። ጠራዡ የየእጥፉን ክምር ጠረጴዛው ዙሪያ በተርታ ያስቀምጥና እየዞረ ከየክምሩ አንዳንድ ያነሳል። ከዚያ በክር መስፋት፣ ሙጫ መቀባት፣ ልባስ የሚሉትን ሽፋን ማልበስ። ቅደም ተከተሉ እንዳይሳሳት በየእጥፉ ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት ትታተማለች። በትክክል ከተደረደረ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዳሉ። ደረጃው ከተዛነፈ መጽሐፉ ተዛነፈ። ይህን ለማወቅ ማንበብ እንኳን አያስፈልግም።

ሙጫው ደግሞ አያነብም። ማንበብ አቅቶት አይደለም። "ዳቦ ጋጋሪ ሥራ ላይ ዳቦ ሲበላ አይታችኋል?" ይላል። መጽሐፍን የሚያውቀው በውፍረቱና በሽታው ነው።

ተረት ከሆነ ግን የእህቱን ተረቶች ያውቃል። ያውቃል ብሎ ያምን ነበር።

እህቱ ታላቁ ናት። እታለም ነው የሚላት፤ እሱን ሰምቶ ሰፈሩም እታለም ይላታል። ልጆች እያሉ እናታቸው ማታ ማታ ሆስፒታል ወለል ልታጥብ ትወጣለች፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ይዘው ይቀራሉ። እታለም ከልብስ ስፌት ቤት ሸሚዝ እያመጣች ቁልፍ ትተክል ነበር። ትምህርቱን የተወችው ለዚያ ነው። እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ መብራቱ ሥር። ሸሚዝ ጭኗ ላይ፣ መርፌ ከንፈሯ ላይ። እንዲያ ሆና ነው ተረት የምታወራው፤ ከንፈሯ መርፌ ስለያዘ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአፍንጫቸው ነበር የሚናገሩት።

መጀመሪያ ሰዓት የዋጠችው አህያ ናት። አህያዋ የሚደውል ሰዓት ትውጣለች፤ ሰው ሁሉ ሆዷ ላይ ጆሮውን እየደገነ "ስንት ሰዓት ሆነ እመቤት?" ይላታል፤ አንድ ቀን ገበያ መሃል ሆዷ ሲደውል ከራሷ ለማምለጥ ሮጠች። ከዚያ ካላሳቁት የማይከፈተው በር ይመጣል። ከዚያ "ሁልጊዜ ደፍ የሚያልፈው ቀኝ ጫማ ነው" ብሎ የተቀየመውና ቤቱን ለቆ የወጣው ግራ ጫማ። ከዚያ ጉንፋን የያዘው ጉድጓድ፤ ሲያስነጥስ የመንደሩ ባልዲ በሙሉ ደመና ላይ የሚሰቀለው። የመጨረሻው እንቅልፉን ያበደረው ልጅ ነው። ልጁ ለምታለቅስ ሕፃን ያበድራል፣ ለዘበኛ ያበድራል፣ ጥርሱን ለታመመ ውሻ ያበድራል። ማታ ቤቱ ገብቶ ሊተኛ ቢል ምንም የለውም። ዓይኑ ፍጥጥ!

እዚህ ጋ ሲደርስ ሙጫው ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።

ጠዋት "እታለም፣ ልጁስ? መጨረሻው ምን ሆነ?"

"ማታ ነቅተህ ስማ።"

ማታ ይተኛል። ጠዋት ይጠይቃል። እንዲህ እንዲህ ሲል አደገ፤ ማደግ ደግሞ ከመጠየቅ ያስጥላል። ለራሱ ልጆች ሲያወራ እዚያ ጋ ሲደርስ "ከዚያ ተኛ፣ አለቀ፣ እናንተም ተኙ" እያለ ነው የሚገላገለው። መጨረሻውን እንደማያውቅ ራሱ ረስቶታል።

እታለም አላገባችም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ዓይኗ እስኪደክም ሰፋች። ሥራ ካቆመች በኋላ ተረቶቹን ልብስ በሚቆረጥበት የንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈቻቸው። የእጅጌ ቅርጽ ባለው ወረቀት ላይ አህያዋ፣ የኮሌታ ቅርጽ ባለው ላይ በሩ። ሙጫው ይህን ለአለቃው አሳየው። አለቃው ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ እሱ ራሱ አስነጠሰ። ከሌላ ሥራ በተረፈ ወረቀት፣ እሑድ እሑድ እየተሠራ እንዲታተም ፈቀደ። ልባሱ ላይ ትልቅ አህያ ተሣለች፤ ሆዷ ላይ ሰዓት። "ሰዓት የዋጠችው አህያ እና ሌሎች ጉደኞች" ይላል።

የታተመው ወረቀት ታጥፎ ያለቀ ቀን እታለም አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

"አንተው ጠርዝልኝ። የሌላ ሰው እጅ አይግባበት።"

"ማን አስነክቶ!"

"ከመጠረዝህ በፊት ደግሞ አንብበው።"

"ምኑን ነው የማነበው እታለም? በእነሱ እኮ ነው ያደግሁት።"

"የምታውቀው ይመስልሃል" አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። ሻይ እየቀዳችለት ነበር፤ ጣቷን የብርጭቆው አፍ ላይ አድርጋ። እሱ ጣቷን አየ፤ ለምን እዚያ እንዳደረገችው ግን አልጠየቀም። የልጆች ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ለልጆች እንድታነብ ስለጠራት ደስታዋ ሌላ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ቀን ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። አዲስ ቀሚስ ለራሷ ሰፍታለች፤ ቁልፎቹን ግን ጎረቤት ነው የተከለላት።

እሑድ ጠዋት ሙጫው ክምሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ርዕሱ ያለበትን እጥፍ ከፊት አስቀመጠ፤ ውስጡን አልገለጠም። ቀጥሎ የአህያዋን ሥዕል ፈለገ። ልባሱም አህያ፣ ልጅነቱም አህያ፣ በእሷ ካልተጀመረ በማን ሊጀመር ነው? ከዚያ የበሩ ሥዕል ያለበት። ከዚያ ጫማው። ከዚያ ጉድጓዱ። መዞር ጀመረ። እየዞረ አህያዋን ሆኖ ያናፋል፣ በሩን ሆኖ ሳቁን አፍኖ ይይዛል። ማሽን ቆራጩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣

"አንተ ሙጫው፣ ምልክቱን አየኸው ግን?" አለው።

"የእታለምን ተረት በምልክት? አንተ እናትህን የምታውቃት መታወቂያዋን አይተህ ነው?"

ሁለቱም ሳቁ። በዚያው ታለፈ።

እታለም ግን ቅደም ተከተሉን ቀይራው ነበር። እንቅልፉን ያበደረውን ልጅ መጀመሪያ አድርጋዋለች፤ ጫማውንና አህያዋን መጨረሻ። የርዕሱና የሰላምታው ገጽ ቦታ ስለወሰዱ ደግሞ ተረቶቹ ከእጥፎቹ ጋር እኩል አላለቁም፤ የአንዱ ተረት ጅራት ከሚቀጥለው ተረት ራስ ጋር አንድ እጥፍ ውስጥ ገብቷል። ሙጫው በሥዕል ሲደረድራቸው የማን ጅራት በማን ራስ ላይ እንደተሰፋ እግዜር ይወቀው። ሰፋው፣ ሙጫ ቀባው፣ አህያዋን አለበሰው። እጁ እንዲህ አምሮለት አያውቅም። ሲጨርስ አንዱን አንስቶ ሽታውን ሳበና ሳመው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ለሁለት ለሁለት አንድ መጽሐፍ ተሰጣቸው። ሙጫው ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። እታለም አዲሱን ቀሚስ ለብሳ፣ መጽሐፉን ሁለት እጇ ላይ እንደ ሕፃን ይዛ ጀመረች።

"አንድ እንቅልፉን የሚያበድር ልጅ ነበረ።"

ሙጫው ደነገጠ። ከዚህ ነው እንዴ የሚጀምረው? ደግሞ ሌላ ነገር አየ። እታለም ገጽ ስትገልጥ ሁለቱን ባንዴ ገለጠች፤ ወሬዋ ግን አልተቆረጠም። እያነበበች አይደለም። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነው፣ አፏ ግን ያቺ ድሮ መብራት ሥር የነበረችው አፍ ናት። እታለም አታይም። ጣቷ የብርጭቆው አፍ ላይ የነበረችው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባው።

ልጆቹ ግን በጣታቸው መስመር እየተከተሉ ያነባሉ። ሕፃኗ ተኛች። ዘበኛው ተኛ። ውሻው ተኛ። ልጁ ቤቱ ገባ፣ ዓይኑ ፍጥጥ አለ። ሙጫው ሳያስበው ወደፊት ዘንበል አለ። ሁልጊዜ የሚተኛባት ቦታ ይህች ናት። አሁን ነቅቷል። አሁን ሊሰማ ነው።

"እማማ! እማማ!" አለች ከፊት የተቀመጠች የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ። "ተሳስተዋል! እዚህ ጋ ጫማው ነው የሚመጣው!"

"የቱ ጫማ የኔ ልጅ?"

"ግራ ጫማው! ከቀኝ ጫማው ታርቆ ቤቱ ገባ ይላል። ልጁ የለም፣ ጠፍቷል!"

"አዎ! አዎ! ጫማው ነው!" አሉ ሌሎቹ። ተሳሳቁ። ክፋት የለበትም፤ ልጅ እንደሚስቀው ነው። አንዱ ግራ ጫማውን አውልቆ አየር ላይ አወዛወዘ።

እታለም መዳፏን ገጹ ላይ አሳለፈች፤ ቃሉ በእጅ የሚዳሰስ ይመስል። "ይቅርታ ልጆች። ዕድሜ ነው። ሌላ ላንብብላችሁ፤ የትኛውን?"

"ጉድጓዱን!"

ጉድጓዱን ጀመረች። ድምፁን አሳምራ፣ አፍንጫዋን ይዛ። ጉድጓዱ ትንፋሹን ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ... "ሃፕሺው!" አለች እታለም፣ ልጆቹ በደስታ ተንከባለሉ። ከዚያ ያቺው ወላቃ፣

"አላስነጠሰም እኮ እማማ! 'ትንፋሹን ሳበ' ይላል፣ ከዚያ መጽሐፉ አለቀ።"

እታለም መጽሐፉን ዘጋች። ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ የሆነ ሰው እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ቶሎ ብላ አጨበጨበች፤ ልጆቹም አጨበጨቡ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዱን ይዛ ነበር የምትራመደው። እንዲህ ይዛው አታውቅም። ድሮ እሱ ነበር የሚይዛት።

"የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አለችው።

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ገና ወላቃዋ "ጫማው" ስትል ነው ሁሉ የገባው። እጥፎቹ፣ ምልክቱ፣ የራሱ ማናፋት፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ግን መንገድ ላይ፣ በአዲስ ቀሚስ፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል? አስተካክዬ፣ ትክክለኛውን ይዤ ሄጄ፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ አለ በሆዱ።

"ምንም አልተሳሳትሽም። ልጆች ናቸው፣ ተያቸው።"

"አትደልለኝ" አለች። ጥቂት እርምጃ ሄደችና፣ "ዓይኔስ ይሂድ፣ ለምጄዋለሁ። ጭንቅላቴም ሊከተለው ነው ማለት ነው" አለች።

ያን ጊዜም ዝም አለ። መጽሐፍ ማዛነፍ ሥራ ላይ ያጋጥማል። ይኼ ዝምታ ግን ሥራ አልነበረም።

በማግስቱ ለልጆቹ የተሰጡትን መጻሕፍት እየሰበሰበ፣ ከቀሩት ጋር መፍታት ጀመረ። ክሩን መቁረጥ፣ የደረቀ ሙጫ መላጥ፣ እጥፉ ሳይቀደድ ማላቀቅ። ጥሩ ጠራዥ የጠረዘው መጽሐፍ ለመፍታት ያስቸግራል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚህ አጥብቆ ጠርዞ አያውቅም። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ደብተር ሥራ መጥቶ አጨናነቃቸው፤ በምሳ ሰዓት ብቻ ነው የሚያገኘው። አለቃው መጥቶ አየው። አንድ እጥፍ አነሳ፣ ምልክቱን አየ፣ መልሶ አስቀመጠና ሄደ። ማሽን ቆራጩ ቁጭ ብሎ አብሮት ሙጫ ላጠ። ሲልጥ ቆይቶ፣

"ያን ቀን ጠይቄህ ነበር እኮ" አለ።

"ጠይቀኸኛል።"

የሳቀ አልነበረም።

እታለም ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የጎረቤት ልጆች እንደ ድሮው ማታ ማታ ደጇ ላይ ይሰበሰባሉ። "እታለም፣ አህያዋን!" ይላሉ። "ረስቻታለሁ" ትላለች። "በሩንስ?" "እሱንም።" ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ቀሩ። ሙጫው ይህን ከጎረቤት ሰማ። ትንሽ ብቻ ቀርቶኛል፣ ልባሱ ይድረቅና እሄዳለሁ ይላል። ልባሱ ደረቀ። ገና ጫፉ አልተቆረጠም ይላል። ተቆረጠ።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ሁሉንም አሁን በምልክቱ ነው የደረደረው፤ ደረጃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የልጁን መጨረሻ ግን አላነበበም። ከእሷ አፍ ልስማው ብሎ ነው።

እታለም ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጣ ነበር። መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

"ተረት ንገሪኝ" አላት። "ያንን ልጅ። መጨረሻውን።"

"ረስቼዋለሁ አልኩ እኮ። የማወራውም የተምታታ ነው።"

"እሺ እኔ ላንብብልሽ።"

"አንተ? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታነበው?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠና አነበበ። መጀመሪያ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እየተደናቀፈ፣ ኋላ እየለመደ። ሕፃኗ፣ ዘበኛው፣ ውሻው። ዓይኑ የፈጠጠው ልጅ። ገጽ ገለጠ። የማያውቀው ቦታ ደረሰ።

ልጁ እንቅልፉን ሊያስመልስ ወጣ። ሕፃኗ ጋ ሄደ፤ ተኝታለች፣ ማን ይቀሰቅሳታል? ዘበኛው ጋ ሄደ፤ ሕልም እያየ ይስቃል። ውሻው ጋ ሄደ፤ ጥርሱን ለምን ይቆስቁስበት? ባዶ እጁን ተመለሰ። እህቱ መብራት ሥር ቁልፍ ትተክላለች። "የኔን ውሰድ፣ እኔ ሥራ አለብኝ" አለችው። ወሰደ። እንቅልፏ ትንሽ አጠረችው፣ እግሩ ወጥቶ ቀረ፤ ግን ትሞቅ ነበር። እስከ ዛሬ አልመለሰላትም። እሷም መልስ አላለችውም።

የሚቀጥለው ተረት እዚያው ገጽ ላይ ይጀምራል፤ ጉድጓዱ። አላነበበውም።

"እንዲያ ነው መጨረሻው" አለች እታለም። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች። "አንተ እንድትሰማው ነበር ከፊት ያደረግኩት። ስትተኛብኝ ኖረህ።" ፊቷን ወደ እሱ መልሳ፣ "ስለዚህ እዚህ ተረት ውስጥ ጫማ የለም ማለት ነው" አለች።

"የለም። እኔ ነኝ ያዛነፍኩት። ምልክቱን ሳላይ፣ እንደ ድሮው መስሎኝ።"

"አልተሳሳትኩም ማለት ነው።"

"አንዲት ቃል አልተሳሳትሽም እታለም።"

መጽሐፉን በእጇ ዳሰሰች፤ ጀርባውን፣ ስፌቱን፣ ጠርዙን። የስፌት ሰው ናት፣ ስፌት ታውቃለች።

"ይኼስ ያጋጥማል" አለች። "እኔም ስንት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። መንገድ ላይ ስጠይቅህ ግን ለምን ዝም አልከኝ?"

ሙጫው መጽሐፉ የመጣበትን ጋዜጣ አንስቶ አጠፈው፣ አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው።

"ሰው እንዳበድኩ እንዳያውቅብኝ ብዬ እኮ ነው ልጆቹን የመለስኳቸው" አለች። "አፌን ፈርቼው ነበር።"

"አሁን ይምጡ። ልጥራቸው?"

"ተው። ሌላ ጨዋታ ለምደዋል አሁን።"

ሻይ አፈላ። እሱ ነው የቀዳው። ስትጠጣ ቆይታ ድንገት፣ "ያቺ ጥርሷ የወለቀው ልጅ መጽሐፏን መለሰች?" አለችው።

"እምቢ አለችኝ! ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። 'የእርስዎ ጉድጓድ አንዴ አስነጥሶ ያልቃል' አለችኝ። የእሷ ጉድጓድ ትንፋሹን እንደሳበ ነው። በየቀኑ ሌላ ነገር ታስነጥሰዋለች። አንድ ቀን ድመት፣ አንድ ቀን የሂሳብ አስተማሪዋን።"

እታለም ሳቀች። ልክ እንደ እሱ ናት፤ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻዋ ነው። ሙጫውም በደስታ ሊስቅ ትከሻውን ሲያነሳ የእሷ ትከሻ ቀድሞ ወረደ።

"እኔም እኮ እንዲያ አድርጌ ልቀጥልላት እችል ነበር" አለች። "ያኔ ጭንቅላቴ የከዳኝ መስሎኝ መጽሐፉን ባልዘጋው።"

ብርጭቆውን ተቀብሏት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጣቱ ተጣብቆበት ትንሽ አብሮት ቆየ።